ገብሱ ነው ወይስ ፍጉ

ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም.
አንኮበር፣ ከጎረቤላ በላይ

ልጄ ሥርጉት፤

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። በሬ ጠምጄ ግማሽ ቀን አርሳለሁ። ማጭድ ከያዝኩ ሙሉ ቀን አጭዳለሁ። ውሃ ከምንጭ ራሴ እቀዳለሁ። ቂጣዬንም ራሴ እጋግራለሁ፤ ጠርዙ ያርርብኛል፣ መሐሉ ግን ይበላል። ፀሐይ ካለ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። በሰባ አንድ ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩትን ፊደልም አልረሳሁትም፤ ማስረጃው ይኸው በእጅሽ ነው። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩልሽ የሚረዳኝ ሰው እንዳለ ስለጠየቅሽኝ ነው። የለም። አያስፈልግምም።

ስልክ አያነሱም ብለሽ ተቀይመሻል። ስልኩ አለ። ግራ ጆሮዬ ግን ከሄደ ቆየ፣ በቀኙ ደግሞ ነፋስ ይገባበታል። ወረቀት ይሻላል። የተባለውን ደግሞ ማየት ይቻላል። ይህንንም ለሚኒባሱ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ያስቀምጥልሻል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የምርምር ማዕከላችሁ የውጤት ወረቀት ላይ ፈርሜ ልኬያለሁ። የገበሬዎች ቀን በየካቲት መጨረሻ ይሁን ያልሽውም ይስማማኛል፤ ጋቢዬን አጥባለሁ። ዘሩ ከማን እንደመጣ ላልሽኝ፣ ከሟች ባለቤቴ ከለተጊዮርጊስ ነው፤ ለእሷም ከእናቷ። ጥቁር ገብስ ነው። እህል በተወቃ ቁጥር አውድማው ዳር ቁጭ ብላ ደህና ደህናውን ዛላ በእጇ እየመረጠች ለብቻ ታስቀምጥ ነበር። እሷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። አሁን የምመርጠው እኔ ነኝ።

ያን የሰኔ ቀን መቼም አትረሺውም። የልማት ሠራተኛው ተስፋሚካኤል አንቺ ባለሽበት፣ አገሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «የአባባ ገብስ ደክሞታል፤ ጡረታ ይውጣ» አለ። ሰው ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም፤ አይቼሻለሁ። «ከአዲሱ ዘር ጋር ጎን ለጎን እንዝራውና እንመዝን» አልሽ። ተዘራ፣ ተመዘነ። የእኔ ዘጠና ስድስት ኪሎ፣ አዲሱ ሃምሳ አንድ። እንግዲህ ጡረታ የሚወጣው ማን ነው? ተስፋሚካኤልን ባገኘሁት ቁጥር እጠይቀዋለሁ። «የወረቀት ገበሬ» እለዋለሁ። ይቆጣል። ሲቆጣ ደስ ይለኛል።

አራተኛ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ባለፈውም ጠይቀሽኛል፣ አሁን ደግሞ ከሥሩ አስምረሽበታል። እሱን ሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ፤ ሾፌሩ ቸኩሏል።

ወልደ ሰንበት ዘሥላሴ፣ ገበሬ


የካቲት 6 ቀን 2010 ዓ.ም.
አንኮበር

ልጄ ሥርጉት፤

ሾፌሩ አልቸኮለም ነበር። ሻይ እየጠጣ ሁለት ሰዓት ተቀምጧል።

የላይኛው መደብ አፈር ለምን ጠቆረ፣ ቀድሞ ምን ነበረበት ብለሻል። በረት ነበረበት። የበግ በረት። ሠላሳ አርባ በግ አሥራ ሁለት ዓመት አድሮበታል። ለተጊዮርጊስ ስታርፍ በጎቹን ሸጥኳቸው፣ አጥሩን ነቅዬ አነደድኩት፣ ቦታውን አረስኩት። ፍጉ ግን የት ይሄዳል? እዚያ ላይ ድንጋይ ብትተክዪ ያበቅላል።

አንቺ እንግዳ ነሽ፣ አታውቂም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ገመዱን ስትዘረጉ «የእኔ ዘር ከላይ ይሁን፤ ሽማግሌ የሚቀመጠው ከላይ ነው» አልኩሽ። አንቺም እንደ ደህና ሰው ልጅ እሺ ብለሽ ከላይ አስቀመጥሽኝ። አንቺ ሽበቴን አከበርሽ። የእኔ ዓይን ግን ፍጉ ላይ ነበር።

ያስጨነቀኝ ጎረቤቴ ገብረ ጻድቅ ነው። ያን በረት አብሮኝ አጥሮታል። እሑድ የቅበላ ዕለት አብረን ነበርን፤ ሰው ሁሉ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ስድስት እያለ ሲያሞግሰኝ ሰማ ሰማና ጠላውን አስቀምጦ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ወልዴ።»

«አቤት።»

«ያሸነፈው ገብሱ ነው ወይስ ፍጉ?»

«ዝም ብለህ ጠጣ።»

«እጠጣለሁ። ለማንም ትንፍሽ አልልም። አንተው ስትናገረው ግን ብሰማ ደስ ይለኛል።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ሆድ ያወጣው እሱ የጠጣው ብቅል ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ትናንት ደግሞ ተስፋሚካኤል መጥቶ «እንኳን ደስ ያለዎ፤ ዘርዎ ለመዘዞ ስድሳ አባወራ ሊከፋፈል ነው፤ ሰኔ ላይ ይዘሩታል» አለኝ። ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። መዘዞ ብርድ ነው። ያ ሰው የዓመት ቀለቡን በእኔ በጎች ፍግ ተማምኖ ሊዘራ ነው። ገብሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። አላውቅም። ስለ ገብስ «አላውቅም» ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን አጥፊው። ዘሩን ግን አታጥፊብኝ። በደህና ሚዛን ይታይ፤ ከተሸነፈ እኔው ራሴ ቆልቼ እጨርሰዋለሁ።

እዚህ ላይ አንዲት ቃል መጻፍ ነበረብኝ። እርሳሱ እንቢ አለኝ።

ወልደ ሰንበት


የካቲት 20 ቀን 2010 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

የተከበሩ አባባ ወልደ ሰንበት፤

ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ። ያን ዕለት መልስ ብጽፍልዎ ኖሮ የማይገባ ነገር እናገር ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ አሁን ይሻለኛል።

ዘጠና ስድስቷን ቁጥር ደብዳቤዎ ከመድረሱ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ በስብሰባ አቅርቤያት ነበር። ተጨብጭቦልኝ ነበር። ትናንት እዚያው አዳራሽ፣ ያጨበጨቡት ሰዎች ፊት ቆሜ «ያቀረብኩት ውጤት አይታመንም፤ ይሰረዝልኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልዎትም። የመዘዞው ክፍፍል ቆሟል። የገበሬዎቹም ቀን ቀርቷል፤ ጋቢዎን ያስቀምጡት።

ኃላፊያችን «ይህ ጥቁር ገብስ እንግዲህ ይብቃን» ብለዋል። ለምኜ አንድ የመኸር ወቅት አግኝቻለሁ። አንድ ብቻ። በእሱ ካልተረጋገጠ የእርስዎ ዘር ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ዳግመኛ አፌን የምከፍትበት ፊት አይኖረኝም።

ጥፋቱን ለብቻዎ አይውሰዱት። አንድ መደብ ለዚህ፣ አንድ መደብ ለዚያ ብዬ የዘራሁ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ የታየ ነገር ገና ወሬ ነው። ቦታውንም በአክብሮት ያደላደልኩት እኔው ነኝ፤ አፈር ግን ሽበት አይለይም። ይህን ተምሬዋለሁ፤ እርስዎ ፊት ስቆም ረሳሁት።

ዘንድሮ በአራት ገበሬዎች ማሳ ላይ እንዘራለን፤ በእያንዳንዱ ማሳ ሦስት ጥንድ መደብ፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ጥንድ ይሆናል። በየጥንዱ ከሁለቱ መደቦች ጥቁሩ የትኛው ላይ፣ አዲሱ የትኛው ላይ እንደሚዘራ እርስዎም እኔም አንመርጥም። በዕጣ ይወሰናል። የበረቱ ቦታ አይነካም። በመጨረሻም መዛኙ በተቋጠረው ጆንያ ውስጥ የትኛው ዘር እንዳለ ሳያውቅ ይመዝናል፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ዘር እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ እንደ አምናው ያሸነፍን ይመስለናል፤ ማሸነፋችንን ግን አናውቅም።

ስለዚያች ቃል፣ ከእርሳስዎ ጋር እስክትታረቁ እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ
ሥርጉት


ሰኔ 24 ቀን 2010 ዓ.ም.
አንኮበር

ልጄ ሥርጉት፤

መኪና ስለከለከሉሽ አትዘኚ። ከእኛ ጋር ስለሆንሽ እንደሚቀጡሽ ገብቶኛል። አንቺ ባትኖሪም ሥራው እንደ ቃልሽ ተሠርቷል።

ተስፋሚካኤል የላክሽለትን ወረቀት ይዞ መጣ። አራታችንም የማሳ ባለቤቶች ተሰበሰብን፤ አገሩም ከኋላችን ቆመ። ከመጀመራችን በፊት ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ በረቱን፣ ፍጉን፣ «ሽማግሌ ከላይ» ያልኩትን። ገብረ ጻድቅ ከኋላ ሆኖ «ሰማሁህ» አለ። ተስፋሚካኤል ፊቱ ቀላ፤ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወረቀቱን ገለጠና «እንቀጥል» ብቻ አለ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ስለ ዕጣው ያስረዳ ጀመር። የተጻፈ ቁጥር፣ መስመር፣ ዝርዝር፤ ሰዉ ግራ ገባው። እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። በኋላ ነገሩ ብልጭ አለልኝና «አንተ ልጅ፣ ይሄማ የመሬት ዕጣ ነው!» አልኩት። በደርግ ጊዜ መሬት ስንካፈል እንዲህ ነበር የምናደርገው። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የበግ በጠጥ ቆብ ውስጥ ይጥላል፤ ሲጣል ያላየ መንገደኛ ይጠራና ያነሣል። መንገደኛው ማንንም አያውቅም፤ ጠጠሩም ማንንም አያውቅም። አንቺ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽውን እኛ በቆብ እናውቀዋለን።

የገብስ ፍሬ ለጥቁሩ፣ ጠጠር ለአዲሱ አልን። መጀመሪያ የወጣለት የቀኙን መደብ ይይዛል። መንገደኛ ስንጠብቅ ከዓልዩ አምባ እህል ነጋዴው ሐጂ ዘይኑልአቢዲን አህዮቹን እየነዳ ወደ ጎረቤላ ገበያ ብቅ አለ።

«ሐጂ፣ እስቲ ከዚህ ቆብ አንድ አንሣልን።»

«ውስጡ ምንድን ነው ያለው?»

«እሱን ከነገርንህማ ምኑን ዕጣ ሆነ!»

«እባብ እንዳይሆን ብቻ» አለና ቢስሚላህ ብሎ እጁን ከተተ።

በእኔ ማሳ ሦስቴም ለምለሙ የቀኙ መደብ ለአዲሱ ወጣ። ሦስቴም! ገብረ ጻድቅ ሆዱን ይዞ «ወልዴ፣ ዘንድሮ ሽማግሌ ከታች ሆነ!» አለ። ሰዉ አውካካ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥርሴ ቢሆን እንጂ ሆዴ አልሳቀም። ወደ ተስፋሚካኤል ዞሬ «ጻፍ» አልኩት። በሌሎቹ ማሳዎች ግን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ እያለ ተስተካከለ። የበረቱ ቦታ ላይ ጎመን ተከልኩበት፤ ቅጠሉ ጃንጥላ ያክላል።

ይቅርታ።

ይኸው ተጻፈ። ሁለተኛ አልጽፈውም፤ እጄን አድክሞታል።

ወልደ ሰንበት


ጥቅምት 28 ቀን 2011 ዓ.ም.
አንኮበር

ልጄ ሥርጉት፤

አሥራ ሁለቱ ጥንድ ለምን አሥራ አንድ ሆነ ብለሻል። እውነቱን ነው ተስፋሚካኤል የጻፈልሽ።

የገብረ ጻድቅ ጊደር ገመዷን በጥሳ የራሱን ማሳ ገባችበትና አንዱን የአዲሱን ዘር መደብ ከዳር እስከ ዳር ጨረገደችው። ጎኑ ያለውን ጥቁሩን አልነካችም። ስንደርስ ገብረ ጻድቅ ጊደሯን በጅራፍ እየነዳ ይመጣል።

«በቃ ጊደሬ ፈርዳለች» ይላል። «አዲሱ ይጣፍጣል!»

ተስፋሚካኤል ያንን መደብ አየ፣ እኔን አየ። «አባባ» አለኝ ድምፁን ቀንሶ፣ «ባለበት ተመዝኖ ቢጻፍ እኮ ለእርስዎ ነው የሚጠቅመው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይጠቀማሉ።»

«ጊደሯ ናታ የምትጠቀመው። አሸናፊዋም እሷ ትሆናለች። ሁለቱንም ሰርዝ፤ ጥቁሩንም።»

«ጥቁሩ እኮ ደህና ነው፤ በጣም ያምራል።»

«ሚዜው የሞተበት መደብ ነው። ከማን ጋር ልታመዛዝነው ነው? ሰርዝ ብዬሃለሁ።»

ሲሰርዝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከአሥራ ሁለቱ ያማረው ያ ነበር፤ ዛላው እንደ ፈረስ ጭራ ተዘናፍሎ ነበር። የተሰረዘው ግን ከነምክንያቱ ይጻፍ ብዬዋለሁ፤ በኋላ ሰው መጥቶ ያልተመቻቸውን ነው የደበቁት እንዳይለን።

ውርጭ ወርዶ እንደሆነ ጠይቀሻል። ሁለት ቀን ወርዷል። ለሁለቱም እኩል ወረደ። የትኛው ቻለው እንዳልልሽ ዓይኔን አላምነውም፤ ዓይኔ ባለጉዳይ ነው።

ወልደ ሰንበት


ታኅሣሥ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.
አንኮበር

ልጄ ሥርጉት፤

የታሸገውን ፖስታ ሾፌሩ በእጅሽ ካላስረከበሽ በዚህች መንገድ ሁለተኛ እንዳያልፍ ነግሬዋለሁ። ውስጡ ሃያ ሁለት ቁጥር አለ። እኔ የማውቀው ሃያ ሁለት መሆኑን ብቻ ነው።

መዛኝ ማን ይሁን ሲባል አገሩ ሁሉ ሐጂ ዘይኑልአቢዲንን ጠራ። ከዓልዩ አምባ እኛ ዘንድ ዘመድ የለውም፤ ሚዛኑም የታወቀ ነው። ጆንያዎቹን ሁሉ አንቺ የላክሻት ልጅ ቋጥራ፣ ቁጥር ሰፍታባቸው፣ አቀላቅላ ደርድራ፣ ዝርዝሩን ይዛልሽ ሄዳ ነበር። እኔ ከግቢው ወጥቼ ከአጥሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ማንም አላስወጣኝም፤ በገዛ ፈቃዴ ነው። ባለጉዳይ ሚዛን አጠገብ ከቆመ መዛኙ ፊቱን ያነባል።

ሐጂ ራሱ «መጀመሪያ ሚዛኑን መዝኑት» አለ። ተስፋሚካኤል ከኅብረት ሥራው ያመጣውን አሥር ኪሎ ብረት ሰቀሉበት። አሥር ከሩብ አለ! ግቢው ተተረማመሰ። ሐጂን በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት፤ ሰውየው ደረቀ።

«ሩብ ኪሎ? አስተግፊሩላህ! በዚህ ሚዛን ሃያ ዓመት ነግጃለሁ!»

ገብረ ጻድቅ አያልፍም መቼም፤ «ሩቧ ወደ ማን ስትሄድ ኖራለች፣ ሐጂ?» አለው።

ሐጂ ሚዛኑን አወረደ፣ አገላበጠው፣ ከዚያ ራሱን በእጁ መታ። ሰንሰለቱ! በእኛ ጉዳይ ተከበርኩ ብሎ አሮጌውን ገመድ ጥሎ አዲስ የብረት ሰንሰለት አስሮበት መጥቷል፤ የሰንሰለቱ ክብደት ነው። ገመዱን መለሰበት፣ ብረቱን ሰቀለ፤ አሥር። ደግሞ ሰቀለ፤ አሥር። ሦስተኛም አሥር። ትዝ አለኝ፤ አምና አንቺ እኔን አከበርሽኝና መደቡ ተበላሸ፣ ዘንድሮ ሐጂ እኛን አከበረንና ሚዛኑ ሊበላሽ ነበር።

እያንዳንዱን ጆንያ ሦስት ሦስት ጊዜ መዘነው። ሦስቱም ካልተስማማ አውርዶ እንደገና። ሐጂ ቁጥሩን ይጠራል፣ ተስፋሚካኤል ደግሞ ጠርቶ ይጽፋል። እኔ በአንድ ጆሮዬ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አንድ፣ አሥራ ስድስት ተኩል ስል ዋልኩ። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቅ ግቢው ውስጥ አልነበረም። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ገብቷል፤ ከሠርጌ ዋዜማ ወዲህ እንዲህ ልቤ መትቶ አያውቅም።

ፍርዱ እንግዲህ በእጅሽ ነው። ተሸንፌ ከሆነ አታለስልሺው፤ እንዳለ ጻፊው።

ወልደ ሰንበት


ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

አባባ ወልደ ሰንበት፤

መጀመሪያ ቁጥሩን፤ ሰላምታው ይደርሳል።

ከአሥራ አንዱ ጥንድ በዘጠኙ ጥቁሩ በልጧል፤ በሁለቱ አዲሱ በልጧል። ሁለቱም ከእርስዎ ማሳ ናቸው፤ ዕጣው ለምለሙን ለአዲሱ ከሰጠባቸው ሦስት ጥንዶች። ሁሉም ሲደመር ጥቁሩ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ኪሎ፣ አዲሱ አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት። አዲሱ አሥር ኪሎ ሲሰጥ የእርስዎ አሥራ አንድ ተኩል ይሰጣል ማለት ነው።

የአምናው ቁጥር ከዚህ በጣም ይበልጥ ነበር፤ ግን ከእርስዎ በረት ውጭ የትም አይቆምም ነበር። ይህ ትንሽ ነው፤ አራት ማሳ ላይ ቆሟል። ሁለቱ ዘሮች በእውነት እኩል ቢሆኑ ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ብልጫ በዕድል ብቻ የሚወጣው ከመቶ ጊዜ ሦስት ጊዜ ያህል ነው። ሁለት ባልደረቦቼ ያለ እኔ፣ ለየብቻቸው፣ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምረው አስልተውታል። ሦስታችንም አንድ ቦታ ደረስን።

ኃላፊያችን ስለ ጊደሯ ጠየቁኝ። የተሰረዘውን ጥንድ ከነምክንያቱ አሳየኋቸው። «ይህን ማን አሰረዘው?» አሉ። «ያሸንፍበት የነበረው ሰውዬ» አልኳቸው። ፈረሙበት።

ነገ እዚያው አዳራሽ አቀርበዋለሁ። ስድሳው የመዘዞ አባወራ በመጪው ሰኔ ይዘራል።

አሁን ሰላምታው፤ እንደምን ሰነበቱ?

ሥርጉት


ጥር 15 ቀን 2011 ዓ.ም.
አንኮበር

ልጄ ሥርጉት፤

እንደምን ሰነበትኩ? እንደ ንጉሥ ነዋ!

ደብዳቤሽ የከተራ ዕለት ደረሰ፤ አገሩ ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ነጭ ለብሶ በወጣበት ሰዓት። ሾፌሩ ከሩቅ ወረቀቱን እያውለበለበ ጡሩንባውን ይነፋል። ፖስታውን ቀደድኩ፤ ፊደሎቹ ዘለሉብኝ። ለተስፋሚካኤል ሰጠሁት። ያ ልጅ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «በዘጠኙ ጥቁሩ በልጧል» ሲል ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሱ ራሱ እንባው መጣ። ድንጋዩን ለቆ ወርዶ ሳመኝ። ገብረ ጻድቅ ዱላውን ወደ ሰማይ ወርውሮ መልሶ መያዝ አቃተው፤ የአንዱን ሰው ጥላ ቀደደ። ፎክር አሉኝ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ፎከርኩ። ትንፋሼ መሐል ላይ አለቀ፤ የቀረውን ሌሎች ጨረሱልኝ። አንድ ጎረምሳ «አባባ ወልደ ሰንበት እጥፍ አስገቡ!» ብሎ ሲጮኽ አስቆምኩት። «አሥራ አንድ ተኩል» አልኩት። «ድገም።» ደገመ። ሰዉ ሁሉ ተቀበለው፤ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ አሥራ አንድ ተኩል እየተባለ ተወረደ።

አንቺም በአዳራሹ ቆመሽ ስታቀርቢ ምን እንደሆነ ጽፈሽልኛል። እንኳን አጨበጨቡልሽ። ባያጨበጭቡም ግን ያው ነበር።

ኃላፊሽ ለብቻ በጻፉልኝ ወረቀት «በመኪና አስመጥተን እንሸልምዎት፤ ምን እናድርግልዎት?» ብለዋል። እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። ምንም አያድርጉልኝ። መኪናም አልፈልግም። እኔ ራሴ የምጨርሰው ዕዳ አለብኝ፤ ሰው እንዲነካብኝ አልሻም።

ገብረ ጻድቅ ከተዘራበት ቀን እስክናገረው አንድ ዓመት ሙሉ አፉን ዘግቶልኛል፤ በመጪው መኸር ገብሱን ከዳር እስከ ዳር በእኔ ማጭድ አጭድለታለሁ፤ ልጆቹ አይገቡም። ተስፋሚካኤልን ሰው እየሰማ ሰድቤዋለሁና ሰው እየሰማ እክሰዋለሁ፤ በመጪው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ገበሬ ነው እላለሁ። ሐጂ ዘይኑልአቢዲን የአንድ ቀን ገበያውን ለእኛ ጥሎ ውሏል፤ አንድ ጆንያ ጥቁር ገብስ በራሴ አህያ ጭኜ ዓልዩ አምባ ድረስ አወርድለታለሁ። ቁልቁለቱን ጉልበቴ አይወደውም፤ ይለምደዋል። ወደ መዘዞ ደግሞ ከዘሩ ጋር እሄዳለሁ። ስድሳውንም አባወራ በስድሳ በር አንኳኩቼ፣ በየትኛው አፈር እንደሚያሸንፍ፣ በየትኛው እንደሚሸነፍ በአፌ እነግራቸዋለሁ። ወደ አንቺም እመጣለሁ፤ በሚኒባስ፣ በራሴ ገንዘብ። በእኔ ምክንያት ብቻሽን በቆምሽበት አዳራሽ አጠገብሽ ቆሜ የበረቱን ነገር በገዛ አፌ ልናገረው።

አንዱ ግን ከሁሉም ይቀድማል። አምና ዘጠና ስድስት የወጣ ዕለት ማንም ሳያየኝ ወደ ለተጊዮርጊስ መቃብር ሄጄ «እጥፍ አስገባልሽ» ብያታለሁ። እሷ በምድር ሳለች እያንዳንዱን ፍሬ ሳታይ አትመርጥም ነበር። ነገ ጠዋት ወርጄ ትክክለኛውን እነግራታለሁ።

ወልደ ሰንበት ዘሥላሴ፣ ገበሬ